ለሮቤ ጫኝና አውራጆች ውል ይጻፍላቸው

ባሌ ሮቤ ውስጥ ስለ ጫኝና አውራጅ ክፉ ለመስማት ብዙ መዞር አያስፈልግም። እህል ነጋዴው መጋዘኑ በር ላይ፣ የአይሱዙ ሾፌሩ ሻይ ቤት፣ ከሲናና ስንዴውን ይዞ የመጣው ገበሬ ገበያ መሐል፣ የመንግሥት ሠራተኛው ቤት በቀየረ ማግስት የሚናገሩት አንድ ነው። ጫኞች ጉልበተኞች ናቸው፤ ዋጋ የሚቆርጡት እንዳሻቸው ነው፤ መኪናውን ከበው ሌላ ሰው እንዳይነካው ይከለክላሉ፤ ማኅበራቸው ቢፈርስ ሁሉም ሰላም ይሆን ነበር። ይህ አባባል የሮቤ ብቻ አይደለም። ጎባም፣ ዶዶላም፣ ሻሸመኔም፣ አዲስ አበባ መርካቶም ይሰማል። ከመደጋገሙ የተነሣ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቷል።

የሚያማርሩት ሰዎች ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። ጭቅጭቁ አለ፤ አንዳንዴም ከጭቅጭቅ ያልፋል። የማልስማማው በምክንያቱና በመድኃኒቱ ነው። ብዙ ሰው የጠቡ መነሻ የጫኞች መደራጀት ነው ብሎ ያምናል። እኔ ግን መደራጀታቸው ግማሽ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው እላለሁ። ማኅበር አላቸው፣ የተጻፈ ውል የላቸውም። ተራ አላቸው፣ ተመን የላቸውም። ተመን የሌለው ሰው መኪና በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይደራደራል። እንደ አዲስ የሚደራደር ሰው ያለው መሣሪያ ድምፁና የጓደኞቹ ብዛት ብቻ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ በዚህ መንገድ እንጀራውን የሚጠይቅ ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ እንዲኖር መጠበቅ አይቻልም።

ሥራውን እንየው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። በበልጉ ዝናብ የሚዘራው፣ አገሬው «ገና» የሚለው ምርት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይደርሳል። ቦና የሚባለው ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል። በሲናና፣ በአጋርፋ፣ በጋሰራ፣ በጎባና በጎሮ ሜዳዎች አጨዳው ከተለወጠ ቆይቷል፤ ኮምባይነር ያጭዳል፣ ያው ኮምባይነር ይወቃል። ጎብኚ ይመጣና ስንዴው በማሽን ሲፈስ አይቶ ግብርናው ዘምኗል ብሎ ይሄዳል። ከኮምባይነሩ አፍ ጀምሮ ዱቄት ፋብሪካ በር ድረስ ግን ያ እህል የሚጓዘው በሰው ትከሻ ነው። ከማሳው ወደ መኪና፣ ከመኪናው ሮቤ ወዳለው መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ተመልሶ ወደ ተሳቢ፣ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ሲደርስ እንደገና ወደ መሬት። አንድ ኩንታል ዳቦ እስኪሆን ቢያንስ አራት ጊዜ ሰው ላይ ይወጣል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። ይህ 40,000 ኪሎ ነው። ዐሥር ጫኞች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 40 ኩንታል፣ ማለትም 4,000 ኪሎ ይደርሰዋል። በደራ የቦና ሰሞን በቀን ሁለት ተሳቢ ሲነሣ 8,000 ኪሎ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ አየሩ በቀጠነበት፣ ጠዋት ውርጭ በሚያቆረፍድበት አገር ነው። በገናው ምርት ጊዜ ደግሞ ዝናቡ አያባራም። ወደ መኪናው የሚወጣበት ሳንቃ ይረጥባል፣ የመጋዘኑ በር ጭቃ ይሆናል፣ 100 ኪሎ የተሸከመ ሰው እግሩ ቢከዳው የሚይዘው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ስለ ጆንያው ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ስለ ዋጋ የሚጮኸው ሁሉ ስለ ጆንያው ሲናገር ሰምቼ አላውቅምና። እኛ አገር የስንዴና የገብስ ጆንያ 100 ኪሎ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 አንድ ጎልማሳ ወንድ በሰውነቱ እንዲሸከም የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ አገሮች በተቻለ ፍጥነት ወደ 55 እንዲያወርዱት ጠይቋል። የሮቤ ጫኝ የሚሸከመው የዚህን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ቢኖር ኩንታል የአገራችን ባህል ነው ይላል። ነገር ግን ያው መጋዘን ውስጥ፣ በዚያው ሳምንት፣ ያው ጫኝ ማዳበሪያ ያወርዳል። ከባሕር ማዶ መጥቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባው ማዳበሪያ የሚታሸገው በ50 ኪሎ ነው። ሲሚንቶም 50 ኪሎ ነው። የባሌ ገበሬ የሚገዛው ማዳበሪያ ለሰው ወገብ ታስቦለት ሲመጣ፣ የባሌ ገበሬ የሚሸጠው ስንዴ ያለ ሐሳብ ይወጣል። ጆንያውን ወደ 50 ኪሎ ለማውረድ አዲስ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ገዥና ሻጭ ተቀምጠው መስማማት ይበቃቸዋል። እስካሁን ያልተስማሙት በጠረጴዛው ዙሪያ የሚሸከመው ሰው ስለሌለ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሌላ ነገር አለ። ጫኝ በአንድ ቀን የሚያገኘው መምህሩ በሳምንት ከሚያገኘው ይበልጣል ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች የሚቆጥሩት የትኛውን ቀን ነው? በታኅሣሥ፣ መኪናው ተሰልፎ በሚያድርበት ሰሞን፣ ጥሩ ቀን አለ። በሚያዝያና በግንቦት፣ የቦናው እህል ተሽጦ ሲያልቅና የገናው ቡቃያ ላይ ሲሆን፣ ሰውየው ከንጋት ጀምሮ ተራ ይዞ ቆሞ ሳይጠራ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ብዙ ነው። ያን ቀን የቆጠረለት የለም። መኪናው ይመጣል ተብሎ ግማሽ ቀን የጠበቀበትንም የከፈለው የለም። መምህሩ ቢታመም ደመወዙ ወዲያው አይቆምም፤ በዕድሜው ሲደክም ጡረታ አለው። ጫኙ ወገቡ የተንሸራተተ ዕለት ያበቃለታል። ጓደኞቹ መዋጮ ያወጡለታል፣ እድሩ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ሚስቱ ጉልት ትወጣለች። የአንድ ሰው ገቢ የሚለካው ሰውነቱ ሊሠራ በሚችልባቸው ዓመታት ሁሉ ተከፋፍሎ ነው። እንዲያ ሲለካ ጫኙ ሀብታም ነው የሚለው ወሬ አይቆምም።

ሕጉስ የት አለ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ እንዲሆን አድርጓል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እንዲያዋጡ ያዝዛል። ይህ ሁሉ መልካም ሕግ የሮቤ መጋዘን በር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እኔ አሠሪ አይደለሁም ይላል። ጠዋት ለአንድ ነጋዴ፣ ከሰዓት ለገበሬዎች ዩኒየን፣ ማታ ለወፍጮ ቤት የጫነ ሰው ሦስት ጌታ አገልግሎ ማታ ላይ አሠሪ የሌለው ሆኖ ይገኛል። ነጋዴው ከማኅበሩ ጋር ነው የተነጋገርኩት ይላል። ማኅበሩ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ፈቃድ ያወጣ ስለሆነ፣ ጫኙ በወረቀት ላይ ባለ ድርጅት ነው። የዚህ ድርጅት ካፒታል ሁለት ትከሻና አንድ ወገብ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ባለሀብት ብሎ መዝግቦ ከሠራተኛ ሕግ ማስወጣት ትልቅ በደል ነው፤ ሰውየው የሠራተኛም የባለሀብትም ጥቅም ሳያገኝ የሁለቱንም ሸክም ይሸከማል።

ሕጉን ጠጋ ብሎ ላነበበው በሩ እንደሚባለው የተዘጋ አይደለም። አዋጁ የሥራ ውልን ሲተረጉም በቁርጥ የሚሠራ ሥራንም ይጨምራል። ከ10 ያላነሱ ሠራተኞች ያሉበት ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ሊቋቋም ይችላል፤ ከ10 በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩትም ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 አለ። ይህ አንቀጽ የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞችን፣ ገበሬዎችን፣ የእርሻ ሠራተኞችንና ሌሎች የገጠር ሠራተኞችን በስም እየጠራ የመደራጀት መብት ሰጥቶ፣ የመደራደር መብታቸውን ከአሠሪ ጋር ብቻ አያቆመውም። ጥቅማቸውን ከሚነኩ ሌሎች ድርጅቶች ጋርም መደራደር እንደሚችሉ ይናገራል። የሮቤው ነጋዴ፣ የገበሬዎች ዩኒየኑ፣ ዱቄት ፋብሪካው አሠሪ አይደለንም ቢሉ እንኳ የጫኙን ጥቅም አንነካም ሊሉ አይችሉም። ሕገ መንግሥቱ የሚጠራቸው በዚህ በኩል ነው።

መደራጀትና መደራደር ከውጭ የመጣ ልማድ ነው፣ የእኛ አገር ሰው በሽምግልና ነው የሚኖረው የሚሉም አሉ። ታሪኩን ማን አስረሳቸው? የአሰብና የምጽዋ የወደብ ሠራተኞች፣ የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የወንጂ ስኳር ሠራተኞች ዛሬ ይህን የሚሉት ሰዎች ከመወለዳቸው በፊት ተደራጅተው ጥያቄ ያነሡ ነበር። ኢትዮጵያ የመደራጀት መብትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ 87ኛውንና 98ኛውን፣ ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የሠራተኛ ማኅበራቱ አገር አቀፍ አንድነት ተቋቋመ። ያ አንድነት የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የጠራው ጠቅላላ አድማ አዲስ አበባን ለአራት ቀን ያህል ቀጥ አድርጎ አቆማት። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት መንግሥታት ወድቀዋል። የ2011ዱም አዋጅ ወለሉን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም አዝዟል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ዛሬም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው የራሳችን ነው፤ ያልመጣው መልሱ ነው።

አሰብና ምጽዋ ከእጃችን ከወጡ በኋላ፣ በተለይም ከ1990ው ጦርነት ወዲህ፣ የአገሪቱ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። የወደብ ሠራተኛ የሚባለው ሰው ከዜናችንም ከውይይታችንም ወጣ። ሰውየው ግን አልጠፋም። ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ፣ ሮቤ መጋዘን በር አለ። የዓለም የወደብ ሠራተኞች ታሪክ ለባሌ ጫኝ ቅርብ የሚሆንለት ለዚህ ነው፤ እነሱም እንደ እርሱ በየማለዳው በር ላይ ቆመው የሚመረጡ፣ ለሰዓታት ብቻ የሚቀጠሩ ሰዎች ነበሩ። የለንደን ወደብ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1889 አድማ ሲመቱ በሰዓት ስድስት ፔንስ እንዲከፈላቸው ብቻ አልጠየቁም፤ አንድ ሰው ከተጠራ ቢያንስ የአራት ሰዓት ክፍያ እንዲታሰብለት ጠይቀዋል። የጥበቃው ጊዜ ዋጋ አለው ማለታቸው ነው። ሮቤ ላይ እስከ ዛሬ ማንም ያልመለሰው ጥያቄ ይኸው ነው።

ይበልጥ የሚመስለን ግን ሕንድ ነው። የማሃራሽትራ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1969 በጭንቅላታቸውና በትከሻቸው ለሚሸከሙ ሠራተኞች ብቻ የታሰበ ሕግ አወጣች። ማታዲ ይባላሉ። ሕጉ የፈታው ችግር የእኛው ነው፤ አንድ ጫኝ ብዙ አሠሪ ሲኖረው ኃላፊው ማን ነው የሚለው። መንግሥት፣ ነጋዴዎችና ሠራተኞች የተወከሉባቸው ቦርዶች ተቋቋሙ። ነጋዴውም ጫኙም በቦርዱ ይመዘገባሉ። ነጋዴው የጭነቱን ክፍያና በላዩ ላይ የሚታሰብ መዋጮ ለቦርዱ ያስገባል፤ ቦርዱ ለሠራተኛው ይከፍላል፤ መዋጮው ለሕክምና፣ ለፈቃድና ለእርጅና ይውላል። ኬራላ የምትባለውም ግዛት እ.ኤ.አ. በ1978 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ኬራላ ውስጥ ሌላ ነገር ተፈጠረ። አንዳንድ ማኅበራት ሥራውን ማሽን ወይም ባለቤቱ ራሱ ሲሠራው ቆመው አይተው ክፍያ መጠየቅ ጀመሩ፤ ግዛቲቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ከለከለች። የከለከለችው ግን ቦርዱን ሳታፈርስ፣ የሠራተኛውን መብት ሳትነካ ነው። እኛ ዘንድ የሚቀርበው ሐሳብ የተገላቢጦሽ ነው፤ መብቱን ሳንሰጥ ክልከላውን ብቻ እናውጣ የሚል።

ክልከላው ያስፈልጋል። ይህን ሳልል ባልፍ ክርክሬ ሐቀኛ አይሆንም። አልጋና ቁም ሣጥኗን ይዛ ከጎባ ወደ ሮቤ የምትዛወር ነርስ፣ ወንድሟ እያወረደላት ሳለ ተከባ ገንዘብ ክፈይ ከተባለች ያ ግፍ ነው። ሰው የራሱን ዕቃ በራሱ ቤት በር ላይ የማውረድ መብቱ ሊነካ አይገባም። በማኅበሩ ውስጥም የሚታይ በደል አለ። አንዳንድ የቆዩ አባላት ራሳቸው አይሸከሙም፤ ተራቸውን ከገጠር ለመጣ ወጣት ይሰጡና ክፍያውን ይካፈላሉ። ወጣቱ አባል ልሁን ቢል መዝገቡ ተዘግቷል ይባላል። መጋዘን ውስጥ እህል የሚያበጥሩና ጆንያ በሲባጎ የሚሰፉ ሴቶችም ከዚያ መዝገብ ላይ የሉም። ስለ ሥራ ቦታ ፍትሕ የሚናገር ጫኝ ፍትሑን ከራሱ ማኅበር መጀመር አለበት፤ ካልጀመረ ነጋዴው ፊት ቆሞ የሚናገረው ቃል ክብደት አይኖረውም። እነዚህን በደሎች ግን ማኅበሩን በማፍረስ ማስቀረት አይቻልም። ማኅበሩ የፈረሰ ዕለት ተራ የሚይዘው፣ መኪና የሚመድበው ደላላ ነው። ደላላው ደግሞ አንድ ቀን ጆንያ ሳይነካ ከእያንዳንዱ ኩንታል ድርሻውን ይወስዳል። ግፉ አይቀንስም፤ እጅ ይለውጣል።

የጫኙ ክፍያ በጨመረ ቁጥር የሚጎዳው ገበሬው ነው የሚለውን ክርክር ሰዎች ከልባቸው ያነሡታል፤ መልስ ይገባቸዋል። በኩንታል ላይ አንድ ብር ቢጨመር በኪሎ አንድ ሳንቲም ነው። በአንድ ተሳቢ ላይ 400 ብር ይሆናል። የባሌ ገበሬ ስንዴውን ሲሸጥ የሚያጣው ገንዘብ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። የኮምባይነር ኪራይና የማዳበሪያ ዕዳ ስላለበት ሁሉም በሚሸጥበት ሰሞን፣ ዋጋው በወደቀበት፣ ለመሸጥ ይገደዳል። ሚዛኑን የሚይዘው ገዥው ነው። የአዲስ አበባን ዋጋ የሚያውቀው ደላላው ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ተመርጦ በገበሬው ስም የሚወገዘው አንድ ሳንቲም የሚጠይቀው ጫኝ መሆኑ ያሳዝነኛል። በዚያ ላይ ጫኙ ማን ነው? አብዛኛው መሬት ያልደረሰው የገበሬ ልጅ ነው። የአባቱ ማሳ ለወንድሞቹ ተከፋፍሎ አልበቃ ሲል ወደ ሮቤ ወጥቶ የአባቱን ስንዴ የሚሸከም ልጅ ነው። አባትና ልጅን ያጣሉት ሰዎች ከሁለቱም ያተርፋሉ።

ማሽን ይመጣና ሁሉንም ያበቃለታል የሚለው ማስፈራሪያም አለ። ይምጣ። አንድም ሰው 100 ኪሎ በትከሻው ተሸክሞ በረጠበ ሳንቃ ላይ እንዲወጣ የምመኝበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ባሌ ማሽን ሲመጣ ምን እንደሚሆን አይታለች። ኮምባይነሩ ሲገባ አጫጁና ወቂው ያለ አንድ ቃል ስምምነት ከማሳው ወጡ። በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ያሉ የወደብ ሠራተኞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ከአሠሪዎቻቸው ጋር ውል ፈርመው ማሽኑን ተቀበሉ፤ በምላሹም ለነባር ሠራተኞች የገቢ ዋስትናና ቀደም ብሎ ጡረታ የሚወጡበትን ገንዘብ አገኙ። በምሥራቁ ጠረፍ ያሉትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ለሦስት ቀን ብቻ አድማ መትተው በስድስት ዓመት ውስጥ 62 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ሲስማሙ፣ የማሽኑን ጉዳይ ለቀጣይ ድርድር አቆይተው ነው ወደ ሥራ የተመለሱት። ውል ያለው ሠራተኛ ማሽኑ ሲመጣ የሚነጋገርበት ቦታ አለው። ውል የሌለው ግን አንድ ጠዋት መጥቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

ታዲያ ሮቤ ላይ የሚፈረመው ውል ምን ይሁን? በእኔ እምነት ተመኑ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የገናው ምርት ከመድረሱ በፊትና የቦናው ከመድረሱ በፊት፣ ተቆርጦ በመጋዘኖቹ በር ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ ይለጠፍ። መኪናው ጋ ክርክር አይኑር፤ ሾፌሩም ነጋዴውም ጫኙም ያንኑ ቁጥር ያንብቡ። ከእያንዳንዱ ኩንታል ላይ አንዲት ብር ለጉዳትና ለእርጅና ወደ አንድ ሒሳብ ትግባ፤ ሒሳቡን ሁለቱም ወገኖችና የከተማው አስተዳደር በጋራ ይፈርሙበት። ጆንያው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 50 ኪሎ ይውረድ። ከተጠራ በኋላ ከተወሰነ ሰዓት በላይ የቆመ ሰው የጥበቃ ክፍያ ይታሰብለት። መዝገቡ ለአዲስ ገቢዎችና ለሴቶቹ ክፍት ይሁን፤ ተራውን ለሌላ አሳልፎ የሚሸጥ አባል ይሰረዝ። የቤት ዕቃ ጉዳይ ከማኅበሩ መብት ይውጣ፤ ባለ ቤቱ የወደደውን ይጥራ። ክርክር ሲነሣ የሚያየው ከነጋዴ፣ ከጫኝና ከአገር ሽማግሌ የተውጣጣ ኮሚቴ ይሁን። የባሌ ሽማግሌዎች በደም የተፈላለገ ጎሣ የሚያስታርቁ ናቸው፤ የተጻፈ ውል በእጃቸው ከያዙ የመጋዘን በር ጠብ አያቅታቸውም። ሽምግልናና ውል አይጣሉም። ሽምግልናው ከጠብ በኋላ ይመጣል፤ ውሉ ጠቡን ያሳንሰዋል።

ነጋዴዎች ይህን የሚፈሩበት ምክንያት አይታየኝም። ዛሬ መኪናቸው ሲቆም፣ ሾፌሩ ሲያድር፣ ስንዴው በዝናብ ሲመታ የሚከስሩት እነሱ ናቸው። የተቆረጠ ተመን ያለው ነጋዴ ወጪውን ከወዲሁ ያውቃል፤ አዳማ ላለው ፋብሪካ ዋጋ ሲሰጥ አይዋልልም። ውሉ የሚጎዳው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ከጭቅጭቁ መሐል ገብቶ አስታራቂ መስሎ የሚበላው።

ለማን እንደምናገር ግልጽ ላድርግ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን ስለ ሠራተኛ ሲናገር እሰማለሁ፤ ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለው ጫኝም ሠራተኛ ነውና ሰው ወደ ሮቤ ይላክ፣ ማኅበሩ ሕጉን ተከትሎ እንዴት የሠራተኛ ማኅበር እንደሚሆን ያሳይ። የከተማው አስተዳደር ጸጥታ ሲደፈርስ ፖሊስ ከሚልክ አስቀድሞ የመደራደሪያ አዳራሹን ይክፈት። የገበሬዎች ዩኒየኖች ራሳቸው የደካሞች መደራጀት ውጤት ናቸው፤ ከሁሉ ቀድመው መፈረም ያለባቸው እነሱ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ተደራዳሪዎች በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ያዝዛል፤ ጫኞችም ማስፈራሪያውን ጥለው፣ ሒሳባቸውን ይዘው ይምጡ።

አንባቢዬም በሚቀጥለው ጊዜ መኪና ተከቦ ጭቅጭቅ ሲነሣ ስታይ፣ ማን ጮኸ ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ውሉ የት አለ ብለህ ጠይቅ። የቦናው ስንዴ ኅዳር ላይ ይታጨዳል። ጥቅምት ላይ ሁሉም ወገን ቁጭ ብሎ ቢጀምር የዘንድሮው ምርት በውል ሊጫን ይችላል።